ያላቃናሁት ታፔላ

ሐዋሳ፣ ፒያሳ

ይድረስ ሆላንድ ላለችው ልጄ፤

እንዴት ከርመሻል? ብርዱስ ለቀቀሽ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ስለ እናትሽ ኋላ እመጣበታለሁ።

በስልክ ያልሽውን ሰምቻለሁ። ስልክ ላይ መጨቃጨቅ ስለማልወድ በደብዳቤ ልመልስልሽ። በሥዕል ማከም ስትለማመጂ፣ አንድ ሕመምተኛ ሽማግሌ የሳለው ቤት ግድግዳው ተንጋደደ። አንቺ ብሩሹን ከእጁ ወስደሽ አቃናሽለት። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልነካም። አስተማሪሽም ለዚህ ሙያ አልተፈጠርሽም አለችሽ። አሁን ትምህርቱን ትተሽ ልትመጪ ነው።

የተንጋደደ ማቃናት ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ አላፍርበትም። ታፔላ ጽፌ ነው ያሳደግኩሽ። ፒያሳ ላይ የተሰቀለ ጠማማ ፊደል ጸሐፊውን በመንገደኛው ሁሉ ፊት ያዋርደዋል። ሥዕል መድኃኒት ይሆናል ስትይኝም አላመንኩሽም። ገና አላመንኩም። የሆነውን ግን ልንገርሽ።

ስትሮክ ቀኝ ጎኗን ከያዛት ወዲህ እናትሽ ብቻዋን እንዳትውል ሱቄ አመጣታለሁ። እንደምታውቂው የምታወራው በእጅ ምልክት ብቻ ነበር። ባለፈው ሰሞን በግራ እጇ ብሩሼን አነሳችና አሮጌ ላሜራ ላይ አባ ኮዳ ሳለች፤ ያንን ዓሣ ገበያ የሚንጎማለለውን ወፍ። አንገቱ ወደ ጎን ተሰብሯል። እጄን በላኝ። ላቃናው ጠጋ ስል፣ "ተወው!" አለችኝ። በአፏ። ጥርት አድርጋ።

ጎረቤታችን ዩኑስ ከጨርቅ ሱቁ ሮጦ መጣ። "ጋሼ፣ ማን ነው የተቆጣዎት?" አለኝ። እሷ ናት አልኩት። "አልሐምዱሊላህ! እርስዎንም የሚቆጣ ተገኘ!" ብሎ ሳቀብኝ። እናትሽም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ቀለም እየበጠበጥኩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እሷ ስትስል እጆቼን ብብቴ ውስጥ እከታለሁ። መሰላል ላይ ቆሞ ከመጻፍ ይከብዳል። አንዳንዴ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞራለሁ።

አስተማሪሽ አልተፈጠርሽም ያለችው ስህተት ነው። እጅ መሰብሰብ ይለመዳል፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከለመድኩ አንቺን አያቅትሽም። ሂጂና ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቂው። ባዶ ወረቀት ስጪውና አጠገቡ ተቀመጪ። ሳትጨርሺ እንዳትመጪ።

ለምትከፍቺው ቢሮ ታፔላው ደርሷል። መደቡን የቀባሁት እኔ ነኝ። ስምሽን የጻፈችው እናትሽ ናት። ፊደሎቹ ተንጋደዋል፤ የመጨረሻው ከጠርዙ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ቫርኒሽ ደርቤበታለሁ፤ ከእንግዲህ ማንም አያቃናውም። እስክትመጪ ድረስ ሱቄ በር ላይ ሰቅዬዋለሁ። በፒያሳ ያለፈ ሁሉ ያየዋል።

ጌታ እጅሽን ይባርክ፤ ከሰው አገር በሰላም ይመልስሽ።

አባትሽ