እሱ ይድናል ያልከኝ እሁድ

ዘሪሁን፣

ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። ደብዳቤ በጤና ይጀመራል ብለው ያስተማሩን ሰዎች ለሞተ ሰው እንዴት እንደሚጻፍ አልነገሩንም። ከተለየኸን ሰባት ወር አልፎ ስምንተኛው ገብቷል። ጊዜ ያስረሳል ሲሉኝ ጠበቅኩ፤ አላስረሳኝም። አንተ ይህን እንደማታነበው አውቃለሁ። የሚያነቡት ሌሎች ናቸው፤ እነሱም እንዲያነቡት ነው የምጽፈው።

ቤቱን ብታየው አታውቀውም። ሶፋውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። አንተ የምትቀመጥበት ጥግ ጎድጉዶ ስለነበር ስፖንጁን አስቀየርኩት። ጃኬቶችህን ለጋራዥ ጓደኞችህ ሰጠሁ። አንዱ ቡናማውን ለብሶ ገላን ኮንዶሚኒየም መግቢያው ላይ ቆሞ ከኋላው ሳየው አንተ መስለኸኝ ልጠራህ ነበር፤ ዞር ሲል ግን ካንተ ይልቅ እንደሚያምርበት አየሁ። ልጃችን ሜሮን ግድግዳውን የሚሞላ ቴሌቪዥን አመጣች። ሁለት ሰው ለሚኖርበት ቤት ምን ያደርጋል ብዬ ነበር፤ አሁን የአክተሮቹን ብጉር ሳይቀር አያለሁ።

እህትህ እትዬ ብርቄ የፊልም ካርቶንህን ለቆራሌው ልትሰጠው ነበር። ከአልጋ ስር ጎትታ በሩ ላይ አስቀምጣው ስመጣ መልሼ አስገባሁት። አዝኜልህ እንዳይመስልህ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬህ ስኖር አንድም ፊልም መጨረሻውን ሳላውቅ አይቼ አላውቅም። እስቲ አንተ ዝም ባልክበት ልየው ብዬ ነው።

አንተን ለማያውቅ ሰው ጸባይህን ልናገር። መጨረሻ ትናገር ነበር። የተዋወቅነውም በዚሁ ነው። ሳሪስ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብበን የህንድ ፊልም እናያለን። ልጅቷ ከሁለት ወንድማማቾች አንዱን ልትመርጥ ዓይኗን ጨፍና ስታስብ እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ከኋላዬ አንድ ድምፅ «ታናሹን ነው የምታገባው፤ ትልቁ ይሞታል» አለ። ዞሬ ሰደብኩህ። ትልቁ ሞተ። ስንወጣ በር ላይ ቆመህ ጠበቅከኝ። ይቅርታ ልትጠይቀኝ መስሎኝ ስቆም «አላልኩሽም?» አልከኝ። ያኔውኑ ጥዬህ መሄድ ነበረብኝ። በመጀመሪያው ቀን ጉዱን ገልጦ ያሳያትን ሰው ያገባች ሴት በኋላ ብታለቅስ ማንም ሊያዝንላት አይገባም።

ሸምሱን መቼም አትረሳውም፣ ሳሪስ አቦ ካሴት ያከራይ የነበረውን ስልጤ ወዳጅህን። ሱቁ በር ላይ እንዳትቆም ስንት ጊዜ ለምኖሃል። ሰው ካሴት መርጦ ሲያነሳ አንተ ከበሩ ሆነህ «ሚስቱ ናት የገደለችው» ስትል መልሶ ያስቀምጠዋል። ሲቸግረው በርጩማ ሰጥቶ ከባንኮኒው ጀርባ አስቀመጠህ፤ እዚያ ሆኖ አፍህን ሊጠብቅ። ዛሬ ካሴትም ሲዲም የለም፤ የስልክ ከቨር ነው የሚሸጠው። ባለፈው በዚያ ሳልፍ ጠራኝና የተረፉትን አሮጌ ፊልሞች በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። «ከሱ ሌላ ማን ያያቸዋል» ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ አላለቀስኩም።

በጋራዥም ያው ነበርክ። ሰው መኪናውን ይዞ ሲገባ ገና ኮፈኑ ሳይከፈት ሞተሩን ሰምተህ «ይሄ አበቃለት» ትላለህ። ባለመኪናው ይናደዳል፣ ይሰድብሃል፣ በሳምንቱ ሞተሩ ያበቃለታል። ልክ መሆንህ ነበር የሚያስጠላኝ። የሰው ሞተር ከሩቅ የምትሰማው ሰውዬ የራስህን ሆድ ግን አልሰማኸውም።

አሁን እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ከካርቶኑ አንድ አንድ እያወጣሁ አያለሁ። ያየሁትን ልንገርህ።

እህትማማቾቹን ጎርፍ የሚለያያቸው የህንድ ፊልም፣ አንተ ሁልጊዜ የምታለቅስበት፣ እንደማስታውሰው አይደለም። ሰውዬው ደረቱን በጥይት ተመትቶ ይዘፍናል። መዝፈኑስ ይሁን፣ በመሃል ሸሚዝ ይቀይራል። ደሙ እየፈሰሰ መቼ ነው የቀየረው? ተነስቼ ሻይ አፍልቼ፣ ጠጥቼ፣ ብርጭቆውን አጥቤ ስመለስ ገና አልሞተም። አንተ የሞትከው ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው።

የካራቴውን ወድጄዋለሁ። ነጭ ጢም ያለው መምህር አፉን ዘግቶ ከጨረሰ በኋላ ድምፁ ይመጣል። በዚህ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ሳቄን ስሰማው ደግሞ አፈርኩ። በካውቦዩ ፊልም ፈረሱ ከአክተሩ ይሻላል፤ ቢያንስ ፈረሱ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ሰውዬው ከአንድ ሽጉጥ ሳይሞላ ሃያ ጊዜ ሲተኩስ ቆጥሬያለሁ። እንዳልከው ሴትዮዋ አልጠበቀችውም። ደግ አደረገች። የድሮው የአማርኛ ፊልምማ ግማሹ ሆቴል ግቢ ውስጥ ሲሄዱና ሲመለሱ ያልቃል። ስልክ ሲደዋወሉ የሚጮሁት ጩኸት ያለ ስልክም ያሰማ ነበር። ሀብታሙ አባት እሺ ሳይል ይቆይና ፊልሙ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው እሺ ይላል። እሱንም ነግረኸኝ ነበር። አንድም ጊዜ አልተሳሳትክም፣ ቆጥሬልሃለሁ።

አንዱን ዲስክ ግን እስካለፈው እሁድ ድረስ አልነካሁትም።

ሆድህን ሲያምህ ጊዜ ሐኪሙ እኔንና እትዬ ብርቄን ለብቻችን አስገባን። አንተ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠህ ነበር። ከጥቂት ወራት በላይ እንደማትቆይ ነገረን። ገና ከክፍሉ ሳንወጣ እህትህ ክንዴን ጨምድዳ «እንዳይሰማ» አለችኝ። ሰውን የሚገድለው በሽታው ሳይሆን ወሬው ነው፤ ተስፋውን ካስቆረጥሽው በእጅሽ ገደልሽው አለችኝ። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ እናቴንም እንዲሁ ደብቀን ነው የሸኘናት። ለሜሮን ነገርናት፣ አስማልናት። ላንተ ጨጓራ ነው አልንህ።

ጨጓራ ነው ካልን ደግሞ እንደ ጨጓራ ልናስታምምህ ግድ ነበር። በየጠዋቱ ተልባ አጠጣንህ። በርበሬ ከለከልንህ። ያለ አዋዜ ሥጋ የማትቀምስ ሰው ለምንም የማይረዳህን አልጫ ስትበላ ከረምክ። ድስቱ ላይ ቆሜ አንድ ማንኪያ በርበሬ ብጨምርለትስ እያልኩ አስብ ነበር፤ እንዳትጠረጥር ብዬ እተወዋለሁ። ሸምሱ ሊጠይቅህ መጥቶ «አክተር አይሞትም» ሲልህ ሳቅክ። እሱም የሚያውቅ ነበር። አራት ወር ሙሉ ከፊትህ ስሆን ፊቴን አስተካክዬ፣ ዞር ስል ፊቴን አጥቼ ኖርኩ።

ያቺን እሁድ አንተ ነህ ፊልሙን የመረጥከው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ የየት አገር እንደሆነ እንኳ አላወቅንም። አንድ የታመመ ዳቦ ጋጋሪ ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለ ክፍል ተኝቶ ከታች ሌሎች ሊጥ ሲያቦኩ ይሰማል። ታሪኩን ልብ ብዬ አልተከታተልኩም። ሚስትየዋ ትራሱን ስታስተካክልለት እንባዬ መጣ። ፊልሙ ያስለቀሰኝ መሰለህ። እጅህን ጉልበቴ ላይ አድርገህ «አትሳቀቂ፤ እሱ ይድናል» አልከኝ።

ከዚያ በኋላ ያልኩህን እህትህ አታውቅም፤ ሜሮንም አታውቅም። «እሱ ይድናል፤ አንተ ግን አትድንም» አልኩህ። ጨጓራ አይደለም፣ ሐኪሙ ከነገረን አራት ወር ሆነው አልኩህ። አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ አላቆምኩም። እትዬ ብርቄ ታውቃለች፣ ሸምሱ ያውቃል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ ያላወቅከው አንተ ብቻ ነህ አልኩህ። ተልባው ምንም እንደማይሠራልህ ሳይቀር ነገርኩህ።

ፊልሙን አላጠፋኸውም። «ሜሮንም ታውቃለች?» አልከኝ። አዎ አልኩህ። «እንግዲያው እንደማላውቅ ሆኜ ልቆይላት» አልክ። እኔ ተነስቼ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ የተሰጣውን ልብስ ገና ሳይደርቅ ሰበሰብኩ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ቆየህ። በየጠዋቱ ሜሮን ስትሰጥህ ተልባውን ጠጣህ፤ ተሽሎኛል አልካት። ጠያቂ መጥቶ ትድናለህ ሲልህ አሜን አልክ። አልጫህን ያለ ክርክር በላህ። እሁድ እሁድ እንደ ድሮው ጎን ለጎን ተቀምጠን ፊልም አየን። አንድም መጨረሻ አልነገርከኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ለምኜህ የከለከልከኝን ዝምታ ሰጠኸኝ። ብትሰድበኝ እችለው ነበር፤ ብትመታኝ እንኳ እችለው ነበር። ስክሪኑ ላይ ሰው ሲታመም «ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኩህ፣ እኔ ራሴ ጠየቅኩህ። «እንጃ፣ ረስቼዋለሁ» አልከኝ።

ድንኳኑ ውስጥ እትዬ ብርቄ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ «ሳያውቀው ሄደ፤ ሳይጨነቅ፤ ተመስገን» ስትል ዋለች። ሴቶቹ እያቀፉኝ ጠንካራ ሚስት ነሽ፣ ምስጢሩን ጠበቅሽለት አሉኝ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስቤ ዝም አልኩ። ምስጋናውን ተቀበልኩ ማለት ነው።

በዚሁ ዘልቄ ልሞት እችል ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሜሮን ዕቃ እያጠበች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ አባዬ እንደሚሞት ቢያውቅ ኖሮ የምነግረው ብዙ ነገር ነበረኝ አለችኝ። እንዳይጠረጥር ብዬ ዋጥኩት አለችኝ። እሷ አንተ እንዳታውቅ ዝም ብላ፣ አንተ ማወቅህን እሷ እንዳታውቅ ዝም ብለህ፣ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ስድስት ሳምንት ተደባበቃችሁ። ሁለታችሁንም የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቃል ብናገር ትተቃቀፉ ነበር። አልተናገርኩም። ለእናንተ አስቤ አይደለም፤ እህትህ «በባልዋ ጨከነች» ብላ እንዳታወራብኝ ፈርቼ ነው።

ያን እለት ካርቶኑን ከፍቼ የዳቦ ጋጋሪውን ፊልም አወጣሁና እስከ መጨረሻው አየሁት።

ዳቦ ጋጋሪው ይሞታል። በማያጠራጥር ሁኔታ ይሞታል፤ ሲቀበር ያሳያሉ። ሚስትየዋ ከቀብር ተመልሳ ዳቦ ቤቱን ትከፍታለች፣ ያልቃል። ተሳስተህ ነው እንዳልል ይህን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየኸው አውቃለሁ፤ የሽፋኑ ወረቀት በጣትህ ዘይት ጠቁሯል። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ አንድ ጊዜ መጨረሻ ዋሸኸኝ። የዋሸኸኝም እያለቀስኩ ስላየኸኝ ነው። እኔ ለዚያ የመለስኩልህን አሁን ሁሉም አንብቦታል።

ለእውነት ብዬ ነው የነገርኩህ ማለት እችል ነበር። ሰው ስለ ራሱ ማወቅ አለበት የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን ያን ሰዓት ስለ እውነት አላሰብኩም። ደክሞኝ ነበር። አንተ ሳታውቅ ተረጋግተህ ተቀምጠህ፣ እኔ ብቻዬን ስንገበገብ ተናደድኩብህ። እንደ እኔ እንዲያምህ ፈለግኩ። አመመህ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለሜሮን እሰጣታለሁ። እሷ ለእትዬ ብርቄ ታነብላታለች። እህትህ ደጄን አትረግጥም ይሆናል፤ ትተወው። ሜሮን ልትጠላኝ ትችላለች፤ እሱን ግን እፈራዋለሁ። ወይም ልታጽናናኝ ብላ አባዬ ቀድሞም ሳያውቅ አይቀርም ትለኝ ይሆናል። አንተ አታውቅም ነበር። ፊትህን አይቼዋለሁ።

ሰው ሁሉ ደህና ደህናውን እያሰብሽ ተጽናኚ ይለኛል። እህትህ ሙሽራ ሆነህ የተነሳኸውን ፎቶ አሳድጋ ሳሎን ሰቅላዋለች፣ እንግዳ ሁሉ እሱን አይቶ «ሲስቅ እንዴት ያምር ነበር» ይላል። እኔ አልረሳም ብዬ ቃል የምገባልህ የዚያን ፎቶ ፊት አይደለም። ያቺን እሁድ «አንተ ግን አትድንም» ስልህ ወደ እኔ ያዞርከውን ፊት በሌላ አልተካውም። ደስ ባለኝ ቀንም አስታውሰዋለሁ፣ ሳረጅም አስታውሰዋለሁ። ሁሉን ሰምተህ እንኳ እጅህን ከጉልበቴ ላይ አላነሳህም ነበር። የገፋሁት እኔ ነኝ።

ሚስትህ አልማዝ