የባረክነው ግንብ

ፌብሯሪ 9፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ መዘምራኑን የሕማማቱን ዜማ አስጠናሁ። የሴቶቹ ወገን ድምፅ አለው፤ ወንዶቹ ያንቀላፋሉ። ለጸሎተ ሐሙስ እግራቸው የሚታጠብላቸውን አሥራ ሁለት ሰዎች መምረጥ ዘንድሮም የእኔ ድርሻ ነው። አሥራ አንዱን ገና አስባለሁ… አንዱ አያሳስብም። የመጀመሪያው፣ የጴጥሮስ ወንበር፣ ከአባቶቻችን ጀምሮ የከንቲባ ነው። ከንቲባው ደግሞ ሮዴል፤ ክርስትና ያነሳሁት ልጅ። በሜይ እንደገና ይወዳደራል። እመርጠዋለሁ። ሌላ ማን አለ?

ለምሳ ሩዝና ደረቅ ዓሣ። ጉልበቴ ደኅና ዋለ።

ፌብሯሪ 13

ሬዲዮ ከፍቼ ስበላ የከተማችንን ስም ሰማሁ። አንድ መሐንዲስ በአገሪቱ ምክር ቤት ፊት ምሎ ሲናገር ነበር። የወንዛችን የጎርፍ መከላከያ ግንብ ገንዘቡ ተከፍሎ ያለቀ ነው፤ የተሠራው ግን መጀመሪያው ብቻ ነው… ቀሪው በወረቀት ላይ ነው ያለው።

አላመንኩም። በምርጫ ሰሞን ምን የማይባል አለ? ባለፈው ጁላይ እኔና አባ ሜልኮር ነን እኮ የባረክነው። ሪባን ተቆርጧል፤ ጸበል ተረጭቷል፤ መዝሙሩን የመራሁት እኔ ነኝ። በኖቬምበር ጎርፉ ሰው ሲወስድብን «ውኃው ከግንቡ በላይ ሆነ» ብሎ ሮዴል አብሮን አልቅሷል። እንባውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ፌብሯሪ 15

ካላመንኩ ለምን ሄድኩ? ከዘራዬን ይዤ ከድልድዩ ጀምሬ ግንቡን ተከተልኩ። እስከ ወንዙ መታጠፊያ ድረስ አለ፤ ያማረ ነው። እዚያ ካለው ቀርከሃ በኋላ… የለም። ሣርና ፍየል ነው ያለው። ለቡራኬ ድንኳን የተተከለበትን ቦታ አወቅሁት። ግንቡ የሚያልቀው እዚያው ነው። ድንኳኑ ለፀሐዩ መስሎን ነበር።

ዘናይዳ ልብስ ታጥባለች። ባሏን ቢኒቶን ጎርፉ ወስዶባታል።

«ታታ ኦኖፍሬ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አለችኝ። ሽማግሌን «ታታ» ነው የምንለው።

«ግንቡ።»

ሳቀች። «እኛም ፈልገን አጣነው።»

ጎጆዋን የሸፈነችው በሮዴል የምርጫ ሸራ ነው። ፊቱ ወደ ሰማይ ተንጋሎ ፈገግ ብሏል። «ዝናብ ሲመጣ አፉ ውስጥ ይጠራቀማል» አለችኝ። «ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀም።»

ግንቡ ሳይባረክ በፊት ከቀድሞ ጎርፍ ሸሽተው ኮረብታው ላይ ሰፍረው ነበር። ለምን ተመለሳችሁ አልኳት። ግንቡ ማለቁን ሳታዩ?

«በሲሚንቶው መቼ አመንንና፣ ታታ? የነሱን ሲሚንቶ እናውቀዋለን። ጸበሉን አይተን ነው የተመለስነው።»

 

ማርች 2

ሮዴል መጣ። ማንጎ አምጥቷል። እንደ ልጅነቱ ለአክብሮት እጄን ወስዶ ግንባሩን አስነካበት።

«ኒኖንግ» አለኝ። የክርስትና አባቱን እንዲህ ነው የሚጠራው። «ዘንድሮ ወሬው በዝቷል። የጴጥሮስ ወንበር ላይ ሰው ሊያየኝ ይገባል።»

«ግንቡ የት አለ?»

«ሂደት አለው… ሥራ ተቋራጩ ነው ጉድ የሠራን።»

«የሚስትህ ወንድም?»

«እርስዎም ሬዲዮ መስማት ጀመሩ!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«ሕዝብ ፊት ቆመህ የሆነውን ተናገር። ከዚያ ወንበሩ ያንተ ነው» አልኩት።

«ከምርጫው በኋላ።»

«በፊት።»

 ከዚያ ለስለስ ብሎ፣ «ጌታ የይሁዳንም እግር አጥቧል። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ።

እውነት ነው፤ አስተምሬዋለሁ። ይህን ያህል ያዳምጠኝ ኖሯል?

ማርች 3

ለዘናይዳ ነገርኳት። «ልክ ነው» አለች። «ግን ይሁዳ ፎቶ አንሺ አስከትሎ አልመጣም።»

ማርች 21

ሌሎቹን እጩዎች አየሁ። አንዱ ከቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር የመጣ ነው። ስለ ወንዙ ቢጠይቁት ዘፈነላቸው። ሕዝቡም አጨበጨበ…

ዶክተር ኮንሱኤሎ ትሻላለች። የጥርስ ሐኪም ናት፤ አደባባይ ላይ በነጻ ትነቅላለች። ጓንቷን ሳታወልቅ «በወንዙ ላለቁት ፍትሕ!» ብላ ጮኸች። ማታ ቤቴ መጥታ ስለ ሙታኑ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሷን ልምረጥ? ልቤ ትንሽ ቀና አለ። ደግሞም ፈራሁ፤ እንባ ካየሁ ገና አልቆየሁም።

ኤፕሪል 8

አባ ሜልኮር አስጠሩኝ። የቤተ ክርስቲያናችንን ጣራ ያሠራው ሮዴል መሆኑን አስታወሱኝ። አልረሳሁትም።

«በጴጥሮስ ወንበር ማን ሊቀመጥ ነው፣ ታታ?»

«ዘናይዳ።»

«ሴት?»

«ተፈቅዷል፣ አባ።»

«መፈቀዱንስ አውቃለሁ» አሉና ወደ ጣራው ቀና ብለው አዩ።

ኤፕሪል 17፣ ጸሎተ ሐሙስ

ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ አለሳልሰዋለሁ።

ዘናይዳ በመጀመሪያው ወንበር ተቀመጠች። የተዋሰችው ነጭ ቀሚስ ሰፍቷት ነበር። ሮዴል ከካሜራዎቹ ጋር ገባ፤ አያት፤ ቆመ። ይወጣል ብዬ ነበር። አልወጣም። ኮቱን አወለቀ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ወደ አባ ሜልኮር ሄዶ ጎንበስ አለና ፎጣውን ለመነ። ሰጡት። ሰጡት!

ከዘናይዳ እግር ሥር ተንበረከከ። እግሯን ሳብ ብታደርግ ቁርጭምጭሚቷን ያዘው። አጠበው፤ አደረቀው፤ ሳመው። መብራቱ ብልጭ ብልጭ… ሕዝቡ አለቀሰ። አጠገቤ ያለችው ሴት «አቤት ትሕትና!» አለች። ዘናይዳ እኔን ታየኝ ነበር። እኔ ነበርኩ እዚያ ያስቀመጥኳት።

መዝሙሩ ላይ ድምፄ ተቆረጠ። ሌሎች ጨረሱት።

ኤፕሪል 24

ፎቶው በየምሰሶው ተሰቅሏል። የሷ እግር፣ የሱ ጎንበስ ያለ ራስ። ከሥሩ «አገልጋያችሁ» ይላል። ሊክዳት ይችላል ብዬ ነበር፤ ሊጠቀምባት ይችላል ብዬ ግን አላሰብኩም። ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። «እግሬን መላው ከተማ አወቀው» አለች። ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ሜይ 2

ዶክተር ኮንሱኤሎ ከውድድሩ ወጣች። አደባባይ ላይ፣ ጥርስ በምትነቅልበት ቦታ፣ የሮዴልን እጅ ይዛ ወደ ላይ አነሳች። «ለከተማችን ሰላም ስል» አለች። የሆስፒታሉን ኃላፊነት ቃል ገብቶላታል ይባላል። ስለ ወንዙ አንድም ቃል አልወጣትም። ያን ማታ የነገርኳት ስሞች የት ገቡ?

በሮዴል ተናድጄ ነበር። በሷ ግን አፈርኩ። ቁጣ ያበረታኛል፤ ይኼ ግን ጉልበቴን ነው የወሰደው።

ሜይ 12፣ ሰኞ

ጣቴ ላይ የምርጫው ቀለም አለ። የከንቲባውን ቦታ ባዶ ተውኩት። በዕድሜዬ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ሜይ 13

ሮዴል አሸነፈ። በወንዙ ዳር ሰፈርም ጭምር።

ዘናይዳን ገበያ አገኘኋት። ዓይኗን ሰበረች።

«አይቆጡኝ፣ ታታ… መረጥኩት።»

«አንቺ?»

«ዶክተሯ ከሱ ጋር ሆነች። ዘፋኙ ወንዙ በየት በኩል እንደሚያልፍ አያውቅም። እሱ እኔን ያውቀኛል። ክረምቱ ሲገባ ጀልባ ቢያስፈልገኝ የማንን በር ላንኳኳ?»

 ባዶ የተውኩት ቦታ ጀልባ አይልክላትም።

ሜይ 18፣ እሑድ

የምስጋና ቅዳሴ። ሮዴልና ዶክተር ኮንሱኤሎ ከፊት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አባ ሜልኮር ምስጋናውን እንድጀምር በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

ተነሳሁ። አስቤበት አልነበረም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። አፌን ስከፍት የወጣው የሙታን ዜማ ነው። የመጀመሪያውን ስም ጠራሁ፤ ቢኒቶ። ሕዝቡ ሳያስበው፣ ከልማዱ፣ «ዕረፍትን ስጠው» ብሎ ተቀበለኝ። ካርሚንግ። ተቀበሉኝ። የኤሌና ሁለት ሕፃናት። አሁን ገባቸው… ድምፃቸው ወፈረ። እነዚያ ሁልጊዜ የሚያንቀላፉት ወንዶች እንኳ። ዶክተሯ ስልኳን አየች። ሮዴል ይህን ዜማ ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ እኔው ነኝ ያስጠናሁት። ከንፈሩ በመጀመሪያው ስም ተንቀሳቀሰ። ኋላ ከንፈሩን ገጠመ። ዘናይዳ ከኋላ ቆማ ከሁሉ በላይ ትቀበላለች። ሁሉንም ስሞች ጨረስኩ።

ሮዴል ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። እጄን ለግንባሩ አልወሰደም። «ኒኖንግ»ም አላለኝ።

አባ ሜልኮር በዕቃ ቤቱ ጠበቁኝ። አልተቆጡም፤ ደክሟቸዋል። «የሚያርፉበት ጊዜ ደርሷል፣ ታታ» አሉኝ። መዘምራኑን ሌላ ሰው ይመራል። ለዓመታት ያልተለየኝን የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከአንገቴ አውልቄ በመዳፋቸው አኖርኩ። ገመዱ የነበረበት ቆዳዬ ነጥቷል፤ ስነካው እንደ ሌላ ሰው አንገት ሆነብኝ።