ባሕር ውስጥ እንዲበሰብስ ስለ ተሠራው መረብ

ለተከበሩ የባሕር መረብ ማሻሻያ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ እንከን የለሽ፣ እንቅልፍዎም እንደ ቢሮዎ ወንበር የተመቸ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሐውግኔስ ደሴት ላይ አርባ አራት ዓመት መረብ የጣልኩት ሲቨርት፣ ወገቤን ከሚያመኝ በስተቀር ደህና ነኝ። «ለመረብ ሙከራው ስኬት ላደረጉት አስተዋጽኦ» የሚል የምስክር ወረቀትዎ ባለፈው ሳምንት ስለ ደረሰኝ፣ ይህን የመሰለ ውለታ በጓዳ ማመስገን ነውር ነውና መልሴን በጋዜጣ አድርጌዋለሁ።

ከስድስት ዓመት በፊት ባለሙያዎ ዶክተር ቶሩን ኩሽናችን ድረስ መጥተው ነበር። የናይሎን መረብ በማዕበል ከጠፋ በኋላም ባሕር ወለል ላይ ቆሞ ለዓመታት ዓሣ እንደሚፈጅ እኛም እናውቅ ነበር። አዲሱ መረብ ግን ከሁለት ዓይነት ፕላስቲክ ይቀየጣል፤ ጠንካራው ዓሣውን ይይዛል፣ ለስላሳውን ደግሞ መረቡ ከጠፋ በኋላ የባሕር ተሕዋስያን ይበሉታል ብለው አስረዱን። «አጃና ስንዴ ቀላቅላችሁ ዳቦ ትጋግሩ የለ? እንደዚያ በሉት» አሉን። ባለቤቴ ሞልፍሪድ «መብሰሉንስ ማን ገብቶ ያያል?» ብላ ጠየቀች። ዶክተሯ ሳቁ፤ እኔም መረቡን ልሞክር ፈረምኩ። ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የመጀመሪያው ቅይጥ ለስላሳው በዝቶበት፣ ዓሣ በገባበት ቁጥር እየተለጠጠ በር ይከፍትለት ነበር። ጎረቤቴ ኦድቫር በናይሎን ጀልባውን ሞልቶ ሲመለስ «አንተ ሲቨርት፣ ዓሣ ልታጠምድ ነው የምትወጣው ወይስ ልትሸኝ?» እያለ ክረምቱን ሙሉ ተጫወተብኝ። ደሴታችን ላይ ክረምቱ ረጅም ነውና ለዚህ መዝናኛ ጽሕፈት ቤትዎን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ጠንካራው የበዛበት ሁለተኛ ቅይጥ ዓሣ ያዘ፤ እውነቱን መደበቅ አልችልም። በየካቲት ማዕበል ዐሥራ ሁለት መረቦች ሲወሰዱብኝ የጥፋት መመዝገቢያ ቅጹን ሞልቼ፣ «ጨርሶ የሚጠፋበት ጊዜ» በሚለው ላይ እንደ ተነገረኝ «ሁለት ዓመት» ብዬ ጻፍኩ። መረብ ጠፍቶብኝ በሰላም ያደርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የጠፉ መረቦችን የሚለቅመው መርከብ ዐሥራ ሁለቱንም ስሜ እንደ ተለጠፈባቸው አወጣቸው። አንዲት ቋጠሮ እንኳ አልላላችም። ውስጣቸው አጥንት በአጥንት ላይ ተከምሯል፤ ትናንት የገባ ጠፍጣፋ ዓሣ ነበረ፤ ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት ያልቻለ የዶልፊን ግልገልም ነበረ። ግልገሉን ከመረቡ የፈታሁት እኔ ነኝ።

ሦስተኛ፦ ሦስተኛውን ቅይጥ ጸደይ ላይ የጀልባ ቤቴ ውስጥ ሰቀልኩት። መከር ላይ ሞልፍሪድ ልታወርደው ስታነሣው «ሲቨርት፣ ና ጉድ እይ! እጄ ላይ እኮ አለቀ!» ብላ ጮኸች። ባሕር ውስጥ መሞት የነበረበት ኖረ፣ መኖር የነበረበት መጋዘን ውስጥ ሞተ። አያቴ የቃጫ መረቡ እንዳይበሰብስበት የዛፍ ልጣጭ እያፈላ ሲነክር ዕድሜውን ጨረሰ፤ እኔ የልጅ ልጁ ደግሞ መረብ እንዲበሰብስልኝ ስማጸን ስድስት ዓመት ሞላኝ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚሉት እውነታቸውን ነው።

አራተኛ፦ ሪፖርትዎ ግን ሁለቱንም ዛፍ ወጥቷል። ገጽ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ የተሻሻለው መረብ «በባሕር ውስጥ አራት ዓመት ጥንካሬውን ጠብቋል፣ በአንድ በጋም ሙሉ በሙሉ በስብሷል» ይላል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ምስክሩም እኔው ነኝ። አንድ መረብ አለመሆናቸውን ብቻ ነው የዘነጋችሁት። በዚህም ሥራው «በስኬት ተጠናቋል» ተባለና ቤተ ሙከራው ተዘጋ። ዶክተር ቶሩን ስልክ ደውለው «ገና መጠኑ እየገባን ነበር እኮ! ለቀዝቃዛ ባሕር የሚሆነውን ቅይጥ ልናገኘው እንችል ነበር» ብለው አለቀሱ። 

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ላይገባዎት ይችላል። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ከጥቁሩ ዓለት በስተ ሰሜን አርባ የናይሎን መረብ ጠፍቶብኝ፣ አፍሬ ሳላስመዘግብ ቀረሁ። ቦታው በአባቴ ዘመን ዓሣ የሚታፈስበት ነበር፤ ዛሬ ማንም ባዶውን ይመለሳል። ከመሞቴ በፊት፣ ሲጠፋብኝ አብሮ የሚሞት አንድ መረብ ማየት ነበር የተመኘሁት። ሳይሆን ሲቀር ቢያንስ መርከቡ ሄዶ አርባዎቹን እንዲያወጣልኝ ጥፋቴን አምኜ ለጽሕፈት ቤትዎ ጻፍኩ። «ላልተመዘገበ ጥፋት መርከብ አይሰማራም፤ የመመዝገቢያው ጊዜም አልፏል» የሚል ፈጣን መልስ አገኘሁ። ለፍጥነታችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጊዜው ማለፉን ለመረቡ የነገረው ግን የለም፤ አሁንም እየገደለ ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሪፖርትዎ ደግሞ የሦስተኛውን ቅይጥ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የስኬትዎ የዓይን ምስክር፣
ሲቨርት፣ ከሐውግኔስ ደሴት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የምስክር ወረቀቱን መልሼ ልኬዋለሁ። የጠቀለልኩበት ቁራጭ መረብ ባለፈው ወር ከጥቁሩ ዓለት አጠገብ የኦድቫር መንጠቆ ይዞት የወጣ ናይሎን ነው፤ ቋጠሮዎቹን የቋጠርኳቸው እኔ ነኝ። በእጅ አይበጠስምና፣ ሲከፍቱት መቀስ ያዘጋጁ።