ጉልበቷን አጥፋ ስለቀደመችው ልጅ

ለተከበሩ አቶ ደጀኔ ቂርቆስ፣
የግድብ ላይ የቁም ቀዘፋ ውድድር አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንደምን ሰነበተ? ጉልበትዎስ? ባለፈው ጥር በቆጋ ግድብ ዳር በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ መደገፊያ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሰው እንዴት መቆም እንዳለበት ከረፋድ እስከ ቀትር ሲያስተምሩን ስለዋሉ፣ ያን ያህል መቀመጥ ጅማት ይይዛል ብዬ ሰግቼ ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ያን ዕለት በጩኸት የተዘጋው ድምፄም ተከፍቶልኛል። ካላስታወሱኝ፣ በድምፅ ማጉያው እስቲ ያችን ሴትዮ አንድ በሉልኝ ብለው ያዘዙባት ሴትዮ እኔ ነኝ። ስሜ ሠርክአዲስ ይባላል፣ ሥራዬም የስፖርት መምህርነት ነው።

ደብዳቤዬን በአደባባይ ማድረጌን እንዳይቀየሙብኝ አደራ እላለሁ። እርስዎ የተናገሩትን በአደባባይ ስለተናገሩ፣ መልሱ በጓዳ ቢመጣ ክብርዎን ማሳነስ ይሆንብኛል ብዬ ነው።

በቦታው ላልነበረ አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የቁም ቀዘፋ ማለት ሰው ረዥምና ጠባብ ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ ዘንጉ በረዘመ አንድ መቅዘፊያ ውኃውን እየሳበ የሚሽቀዳደምበት ስፖርት ነው። የእኛው የአጭር ርቀት ውድድር፣ ሁለት መቶ ሜትር ነበር። ከቡሬም፣ ከፍኖተ ሰላምም፣ ከዚሁ ከግድቡ ዙሪያም ልጆች መጥተው ነበር። ከሴቶቹ ቀድማ የገባችው አንዲት ልጅ ባሕር ዳር ወዳለው ማሠልጠኛ ትሄዳለች ተባለ፤ ዕድሜዋ ግን ከሃያ ዓመት በታች መሆን አለበት። የእኔ ተማሪ ውቢት በመጪው ሰኔ ሃያ ዓመት ይሞላታል። ለእርሷ በሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ይህንንም ለኮሚቴዎ አስቀድሜ ነግሬያለሁ።

ውቢት የሽንኩርት ገበሬ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ያለው ከግድቡ በሚመጣው ውኃ ተራ ጠብቀው የሚያጠጡ፣ መንገደኛ ሲያዩ ከማሳቸው ቀና ብለው ሰላም ሳይሉ የማያሳልፉ ሰው ናቸው። ሴት ልጅ ውኃ ላይ መቆሟን መጀመሪያ አልወደዱትም፤ ሰው ምን ይለኛል አሉኝ። ኋላ አንድ ቀን ወርደው አዩዋትና፣ ይች ልጅ ውኃውን እንደ መሬት ረገጠችው እኮ ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ለልምምድ ስትዘገይ የሚቀሰቅሷት እርሳቸው ሆኑ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ የውድድሩን አቅጣጫ ስላዞሩልን እጅ እነሣለሁ። እኛ አሠልጣኞች ልጆቹ ነፋሱን ከጀርባቸው እንዲያገኙት አስበን ነበር መነሻውን ያበጀነው። እርስዎ ግን ልጆቹ ሲነሡ ጀርባቸው ወደ ድንኳኑ እንደሚሆን ባዩ ጊዜ፣ ለታላቅ ሰው ጀርባ መስጠት በአገራችን ነውር መሆኑን አስታውሰው፣ መነሻው መድረሻ፣ መድረሻውም መነሻ እንዲሆን አዘዙ። ነውር መሆኑን እኔም አላጣሁትም፤ እናቴ ከሽማግሌ ፊት ስወጣ ወደ ኋላዬ እንድራመድ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ። ነገር ግን የእናቴ ቤት ወለል አይንቀሳቀስም ነበር። በትእዛዝዎ መሠረት ልጆቹ ፊታቸውን ወደ እንግዶቹ አዙረው የረፋዱን ነፋስ በደረታቸው ተቀበሉት። እንግዶቹም የልጆቹን ፊት በደንብ አይተዋል፤ በተለይ ከውኃ ውስጥ ብቅ ሲል።

ሁለተኛ፣ ስለ አቋቋም ለሰጡን ትምህርት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኔ ሞኝቱ ልጆቹን ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ሳስተምር ኖሬያለሁ። እግራችሁን በትከሻችሁ ልክ ክፈቱ፣ የእግራችሁ ጣት ወደ ፊት ይይ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ፣ ዳሌያችሁን ወደ ኋላ፣ ደረታችሁን ወደ ፊት እል ነበር። መቅዘፊያውን ክንዳችሁ እስኪዘረጋ ወደ ፊት ላኩት፣ ሰፊው ጫፉ ጨርሶ ሳይሰምጥ እንዳትስቡ፣ ስትስቡም በክንድ ብቻ ሳይሆን በወገብና በጀርባ ይሁን፣ እግራችሁ ዘንድ ሲደርስ ቶሎ አውጡት፣ ከእግር አልፎ የተጎተተ ቀዘፋ ሰሌዳውን ያስረዋል እል ነበር። በአጭር ርቀት ቀዘፋው አጭርና ቶሎ ቶሎ ነው፣ ትንፋሽ የሚቆጠበው ለረዥሙ ነው እል ነበር። ሰሌዳው ከቆመበት እስኪነሣ ድረስም አንዱን እግር ትንሽ ወደ ኋላ ሸርተት አድርጎ መግፋት፣ ፍጥነት ሲይዝ ወደ ቦታው መመለስ እንዳለ ሳስተምር ስንት ጊዜ ከእነርሱ ጋር ውኃ ገብቻለሁ። ጉልበቱን ያላጠፈ ሰው ማዕበል ሲመጣ የሚሰጠው ነገር የለውም፤ ዘንግ ሆኖ ይወድቃል።

እርስዎ ግን ይህን ሁሉ ድካም በአንድ አፍ አቃለሉልን። ጎንበስ ብላ ዳሌዋን ወደ ኋላ የላከች ሴት በእንግዳ ፊት አታምርም፣ የጨዋ ልጅ ቀጥ ብላ፣ እግሯን ገጥማ ትቁም አሉ። ልጆቹም ታላቅ ሰው ተናግሯልና ገጠሙ። ከፍኖተ ሰላም የመጡት ሁለቱ ከመነሻው ብዙም ሳይርቁ ውኃ ገቡ። አንደኛዋ ወጥታ እንደገና ቆመች፣ አሁንም እግሯን ገጥማ፣ እንደገና ገባች። የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ባይለብሱ ኖሮ ዛሬ የምጽፍልዎ ይህን ደብዳቤ አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ተወዳዳሪዎች መድረሻው መስመር ላይ ከመድረሳቸው በፊት ቀዘፋ አቁመው፣ ወደ ድንኳኑ ዝቅ ብለው እጅ እንዲነሡ የሰጡት ትእዛዝ እስካሁን ያስደንቀኛል። ለሥራ ሲሆን መጉበጥ ነውር ነው፣ ለእርስዎ ሲሆን ግን ግዴታ ነው። እንዲህ ያለውን ጥበብ እኔ ከትምህርት ቤት አላገኘሁትም።

ውቢት ጉልበቷን አጠፈች። እኔ ከዳር ሆኜ እጠፊ እያልኩ ስለጮህኩ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይህን አልክድም። ነፋሱን ሰብራ፣ ማንም ሳይጠጋት መስመሩን አለፈች። ካለፈች በኋላም መቅዘፊያዋን ሰሌዳው ላይ አስተኝታ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እንደ ደንቡ በድንኳኑ ላሉት ሽማግሌዎች እጅ ነሣች። እርስዎ አላዩትም፤ በዚያን ሰዓት እየተናገሩ ነበር።

ከቡሬ የመጣችው ሄቨን ደግሞ እንዳዘዙት ቀጥ ብላ ቆመች፣ እንዳዘዙት ቀዘፋዋን አቁማ እጅ ነሣች፣ እጅ ስትነሣም ውኃ ገባች። መስመሩን ያለፈችው ሰሌዳዋን አቅፋ በዋና ነው። የባሕር ዳሩን ዕድል በሥነ ሥርዓት ብልጫ ለእርሷ ሰጡ። ልጅቷ ስሟ ሲጠራ ግራ ገብቷት ወደ ውቢት ዞራ አየቻት። ዘመዱ ብትሆን ነው ብለው ያሙዎት ነበሩ፤ እኔ ግን ጠይቄ አጣርቻለሁ፣ አይደለችም። ዘመድዎ ብትሆን ኖሮ ነገሩ በገባን፤ ሰው ለሥጋው ያደላል። እርስዎ ግን ከልብዎ አምነውበት ነው ያደረጉት፣ እኔንም ያስፈራኝ እርሱ ነው።

አራተኛውን በምስጋና ልጀምረው ብል አቃተኝ።

ልጅቷ መስመሩን አልፋ ገና ትንፋሿ ሳይመለስ፣ በድምፅ ማጉያው "አሳዳጊ የበደላት" አሏት። ያ ድምፅ ማጉያ የእድራችን ነው፤ ሞት የምንለፍፍበት ስለሆነ ከግድቡ ማዶ ድረስ ይሰማል። አቶ ያለው የታጠበ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ወንበር ለእንግዶች ብቻ ስለነበር ከድንኳኑ ጥግ ቆመው ነበር። በእኛ አገር ልጅን ሰነፍ ቢሉት ራሱ ይችለዋል፤ አሳዳጊ የበደለው ከተባለ ግን የተሰደበው ልጁ አይደለም። አጠገባቸው የነበሩ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ መሬት መሬት አዩ። እርሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ በማግሥቱ ገበያ ላይ ሽንኩርት የሚገዛው ሁሉ ያወራው ይህንኑ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ውቢት ውኃ ዳር አትድረስ ተባለች። እኔ ሽማግሌ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። አቶ ያለው በክብር ተቀበሉኝ፣ ወንበራቸውን ለቀውልኝ እርሳቸው መደብ ላይ ተቀመጡ። እኔ የመጣሁት እርስዎን አብረን ልንራገም ነበር፤ እርሳቸው ግን አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው በሕዝብ ፊት ይህን የተናገረ አንድ ያየው ነገር ቢኖር ነው አሉኝ። ልጄን በሰው ፊት አቋቋም ሳላስተምራት ቀርቻለሁ፣ እናቷ ብትኖር ታስተምራት ነበር አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ አንጀቴን ያሳረረው ይህ ነው። አመኑዎት። እናት የሌላትን ልጅ ብቻቸውን ያሳደጉ ሰው፣ እርስዎ ከወንበርዎ ሳይነሡ ባሉት አንድ ቃል የራሳቸውን ዕድሜ ሁሉ ተጠራጠሩት። ልጅቷም አባቷ እንዳያዝኑ ብላ ስለ ውኃ አታነሣም፤ ሰሌዳዋን ሽንኩርት ማስጫ አድርጋዋለች። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል እሰማ ነበር፣ በዓይኔ ያየሁት ግን በእርስዎ ዘመን ነው።

እንግዲህ የምለምንዎ ከሥልጣንዎ በላይ አይደለም። ሄቨን ያገኘችውን ንጠቁልኝ አልልም፤ እርሷም የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። ሰኔ ሳይገባ ለውቢትም አንድ ቦታ ቢጠይቁላት፣ ሁለት መቶ ሜትር ውኃ ይመሰክርላታል። ከዚያም በላይ ግን፣ በተናገሩበት ድምፅ ማጉያ፣ በተናገሩበት ቦታ፣ ያችን ቃል ቢያነሡልን። እድራችን ማጉያውን አይከለክልዎትም። ለአቶ ያለው ይቅርታ ማለት ከከበደዎት፣ ተሳስቻለሁ ማለት ብቻ ይበቃቸዋል፤ እርሳቸው ቀሪውን ራሳቸው ይሞሉታል፣ እንደዚያ ያለ ሰው ናቸው።

ከተቀመጡበት ሳያስነሣ የሚደርስዎ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ነፋስም ሁልጊዜ ከጀርባዎ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ቀጥ ብዬ፣ እግሬን ገጥሜ፣ ጀርባዬንም ሳልሰጥዎ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ፣
መምህርት ሠርክአዲስ እጅጉ

ሳልጨምረው የማላልፈው፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው፣ ባለፈው ሳምንት ከኮሚቴዎ ሰው ደውሎልኝ፣ ሄቨን ማሠልጠኛው ሄዳ ሰሌዳ ላይ መቆም ስላቃታት አንድ ወር ተለማምዳ ትምጣ መባሉን፣ ውቢትም እንድታለማምዳት ኮሚቴው መጠየቁን ነገረኝ። በአፌ ለመናገር አፍሬ እያለሁ መልእክቱን ለአቶ ያለው አደረስኩ። እርሳቸውም፣ ልጅቱ ምን አጠፋች፣ ትምጣ፣ መኝታም አይጠፋም አሉ። ለልጃቸው የከለከሉትን ውኃ ለሰው ልጅ ሲሆን ፈቀዱ። ሄቨን አሁን እነርሱ ቤት ናት፤ ትናንት ጠዋት ሁለቱም ግድቡ ላይ ነበሩ፣ ሄቨንም ጉልበቷን ማጠፍ ጀምራለች። አቶ ያለው ግን ሊያዩ አልወረዱም። የውኃው በር ድንኳንዎ ከተተከለበት አጠገብ ስለሆነ፣ የመስኖ ተራቸው ሲደርስ እንኳ የሚከፍትላቸው ጎረቤት ነው።