ኮፈን ለማንኳኳት ፈቃድ ስለመጠየቅ

ይድረስ ለተከበሩ የአውቶቡስ ማደሪያችን ኃላፊ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ ከአዲሱ ተሽከርካሪ ወንበር ጋር ተስማማ? እኛ ሹፌሮች፣ መካኒኮችና ትኬት ቆራጮች፣ የቢሮዎ በር ከተዘጋ ሦስተኛ ሰዓቱን ስለያዘ፣ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ድፍረት ኖሮኝ አይደለም። በርዎ ላይ «ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ማንኳኳት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ስላገኘሁና ጸሐፊዎም ቀና ሳይሉ «በጽሑፍ አቅርቢ» ስላሉኝ ነው።

ጉዳዩ አጭር ነው። ዲናሞ የምንላት የጋራዣችን ድመት ዛሬ ረፋዱ ላይ አራት ልጆቿን በአንገታቸው እያንጠለጠለች፣ አንድ በአንድ፣ በእርስዎ መኪና ሞተር ሥር አስገብታቸዋለች። ዋናው መካኒክ በጀርባው ተኝቶ ከሥር በባትሪ ቆጥሯቸዋል፤ ዓይናቸው ገና አልተገለጠም። እርስዎ ደግሞ፣ የሥራ መውጫው አሥራ አንድ ሰዓት ቢሆንም፣ እንደ ልማድዎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተር ያስነሳሉ። ስለዚህ ከዚያ በፊት የሞተሩን መክደኛ ኮፈን አንኳኩተን፣ እርስዎም ቁልፉን ሰጥተውን ከፍተን፣ ቤተሰቡን በሰላም እንድናወጣ የጽሑፍ ፈቃድዎን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ኮፈን ማንኳኳት ከመቼ ወዲህ ፈቃድ ይጠየቅበታል ብሎ የሚገረም መንገደኛ ይህን ሰሌዳ ቢያነብ፣ እርስዎን በክፉ እንዳያይብን የዋሉልንን ውለታ በተራ ቁጥር ላስረዳ።

1. ከሦስት ዓመት በፊት፣ እርስዎ ገና ሳይሾሙልን፣ የዲናሞ እናት ብርዱን ሸሽታ ሞተር ላይ እንደተኛች ሹፌሩ ሳያውቅ አስነሳ። ከውስጥ ያወጣት ዋናው መካኒክ ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላም። በማግስቱ ግን በየአውቶቡሱ እየዞረ ኮፈኑን በመዳፉ ሦስት ጊዜ መታ መታ ማድረግ፣ ጥቂት መጠበቅ፣ ከዚያ ለሹፌሩ «አስነሳ» ማለት ጀመረ። ሹፌሮቹ ሳቁበት፤ በሳምንቱ ሁሉም ያንኳኩ ነበር። አሁን ከፊት የሚቀመጡ ተሳፋሪዎች ሳይቀሩ ሹፌሩን «አንኳኳህ ወይ?» ይሉታል። ከዚያ ወዲህ አንዲት ድመት አልሞተችብንም፤ በአሥራ ስምንት ዓመት አገልግሎቴ በዚህ የምኮራውን ያህል በሌላ በምንም ኮርቼ አላውቅም።

ባለፈው ወር ግን ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡት እንግዳ «ሹፌሮቻችሁ አውቶቡሱን ሰላም ይሉታል እንዴ?» ብለው ስለጠየቁ፣ እርስዎም ላብ ላብ ስላለዎት፣ በማግስቱ «ማንኛውንም ተሽከርካሪ ከኃላፊው የጽሑፍ ፈቃድ ውጭ መምታት፣ መደብደብም ሆነ ማንኳኳት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ሰርኩላር ወጣልን። የብረትን ክብር ስላስጠበቁ እናመሰግናለን። መዝፈን ስላልተከለከለ የአሥራ አራት ቁጥር ሹፌር በየጠዋቱ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ይዘፍናል። ድምፁን ሰምተውታልና፣ ድመት ቀርቶ ሞተሩ ራሱ ወርዶ ለመሄድ እንደሚከጅለው አይጠፋዎትም።

2. በጥበቃ ቤቱ ጥግ ውሃ እናስቀምጥበት የነበረው የአሮጌ መብራት ክዳን «የንብረት ቁጥር የሌለው ዕቃ» ተብሎ ተወርሷል። በየጠዋቱ ውሃውን መለወጥ የእኔ ድርሻ ነበር፤ የምትጠጣው ድመቷ ብቻ ሳትሆን መንገድ ላይ የሚውሉት ውሾችና ወፎችም ነበሩ። ክዳኑ አሁን በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ የወረቀት ማያያዣ ይዞ እንደሚገኝ ሰማን። የወረቀት ማያያዣዎቹ እንዳይጠሙ ስለተጨነቁላቸው ደስ ብሎናል።

3. «እንስሳት መግባት ክልክል ነው» የሚለው ማስታወቂያ በሰው ዓይን ልክ ተሰቅሎ ስለነበር፣ ድመቷ አላየሁም እንዳትል የበሩ ጥበቃ በየዕለቱ ጮክ ብለው እንዲያነቡላት አዘዙ። ጥበቃው አባታችን ጡረታ የደረሱ፣ ትእዛዝ የማያጥፉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ እሷ ፀሐይ ከምትሞቅበት ጎማ ፊት ቆመው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አነበቡላት። የጥበቃ መዝገቡ ላይ «ተነብቦላታል፤ ተረድታለች፤ ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነችም» የሚል በእጃቸው ተጽፎ ይገኛል። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባል የለ፤ ማስታወቂያ ሰምታማ እንዴት ትረሳለች።

4. ይህኛው ትንሽ ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም ልናገር። ዲናሞ የወለደችው ጎማ መጋዘን ውስጥ፣ መካኒኩ አሮጌ ቱታውን ባነጠፈላት ካርቶን ላይ ነበር። ትናንት ባዘዙት የጽዳት ዘመቻ ካርቶኑ ተጣለ። ሜዳ ላይ የቀረች እናት ደግሞ ሙቀት ትፈልጋለች። አውቶቡሶቹ ሁሉ ሌሊቱን አድረው ወይ ወጥተዋል ወይ ቀዝቅዘዋል፤ በዚያ ረፋድ ሞተሩ ገና የሚሞቅ አንድ መኪና ብቻ ነበር። ሥራ የሚገባው በሁለት ሰዓት ሆኖ ሳለ አራት ሰዓት ላይ ስለሚደርሱልን፣ አራት ነፍሶች ከብርድ ተርፈዋል። ማርፈድዎን ስናማ የኖርነውን ሁሉ ይቅር ይበሉን።

ክቡር ሆይ፣ ለእንስሳ ጥብቅና ለመቆም ካባ መልበስ የሚያስፈልግ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ጋራዥ ውስጥ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ አንዱ ውሃ ይለውጣል፣ አንዱ ካርቶን ያነጥፋል፣ አንዱ ኮፈን መታ መታ ያደርጋል፣ ተሳፋሪውም ያስታውሳል። ሁሉም ተደምሮ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። እርስዎ ይህንን ግማሽ ደቂቃ ለመከልከል ሦስት ገጽ ጽፈዋል፤ ትጋትዎን ስለምናውቅ ለመፍቀድ አንድ ፊርማ አይከብድዎትም ብለን ተስፋ አድርገናል።

ፈቃዱን በሦስት ቅጂ አዘጋጅቼ ከበርዎ ሥር አስገብቻለሁ። ቀን ተጽፏል፤ ምክንያቱም ተጽፏል፤ የቀረው የእርስዎ ስምና ማኅተም ነው።

ዕድሜዎን እንደ ሰርኩላርዎ ያርዝምልን፣ ስብሰባዎን ግን እንደ ትዕግሥታችን ያሳጥርልን እያልኩ፣ በጥልቅ አክብሮት እጅ የምነሳው፣ በሰሌዳዎ ሥር የቆምኩት ታዛዥዎ፣

የሁለተኛው መስኮት ትኬት ቆራጭ

ግልባጭ፡
- ለዋናው መካኒክ
- ለበሩ ጥበቃ (ለድመቷ ጮክ ብለው እንዲያነቡላት)

ማሳሰቢያ፡ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ከመኪናዎ ፊት ለፊት በአግድም ቆሟል። ሹፌሩ ሕግ አክባሪ ነውና ያለ ፈቃድ አያንኳኳም፤ ሳያንኳኳ ወይም ሳይዘፍን ደግሞ ሞተር አያስነሳም። ዛሬ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል። በወጡ ጊዜ የመብራት ክዳኑን ይዘውልን ይምጡ፤ እናቲቱ ጠምቷታል።