ማንንም ላልጣለው ደረጃ የተሠራ መደገፊያ

ብዕሩን የያዘው የልጄ እጅ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። እኔ ማንበብም መጻፍም አላውቅም። እንጨት መሰንጠቅ፣ መላግና ማጋጠም ግን በዚህ ሰፈር ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፣ አሁንም ያለ አይመስለኝም። ዕለቱ ማክሰኞ ነው፤ ወሩንና ዓመቱን ልጄ ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ አይቶ ከራስጌ አስፍሮታል። የታመመው ሳንባዬ ነው፤ አእምሮዬ ጤነኛ ነው። የሚጠራጠር ካለ አሁኑኑ ይጠይቀኝ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው «የሠርግህን ሱሪ የሰፋልህ ማን ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። አንተው ነህ፤ ቁርጭምጭሚቴ ላይም አልደረሰም። ይበቃል።

ምስክሮቼ ሦስት ናቸው። አንዱ ይኸው ልብስ ሰፊ ነው። ሁለተኛዋ ታናሽ እህቴ ናት። ሦስተኛዋ ሰው ሁሉ ጠያቂዋ የሚላት ሴት ናት፤ ሚስቶቻቸውን የመቱ ወንዶችን ፍርድ ቤት ሲልክላት ከክሊኒኩ ፎቅ ላይ ወንበር በክብ ደርድራ የምታነጋግራቸው። ሰፈሩ «ክቡ» ይለዋል። ከተላኩት አንዱ ይህን የሚጽፈው ልጄ ነው።

እህቴ «ወራሽ ብዕር ይይዛል እንዴ፣ ወንድምጋሼ?» ብላ ተከራክራኛለች። ለራሱ እንዳይጨምር ነው ፍርሃቷ። እኔ የጠራሁት ከእሱ ላይ ልወስድ ነው፤ ከራሱ ሰርቆ ለሌላ የሚጽፍ ሌባ ካለ ታሳየኝ። የተባለውን ሁሉ ጻፍ ብዬዋለሁ፣ በመሐል የሚገባውን ወሬ ጭምር።

አንደኛ። የምኖርበት ቤት፣ ምድር ቤቱም ልጄና ሚስቱ የኖሩበት ፎቁም፣ ከነግቢው ለምራቴ ይሁን። የልጄ ሚስት ስለሆነች አይደለም፤ ነገ ሚስቱ ላትሆን ትችላለች። የምሰጠው ለራሷ፣ በራሷ ስም ነው።

ልጄ እዚህ ላይ ብዕሩን አቁሟል። «አባባ፣ የኔ ስም የለበትም?» አለ። የለበትም። ጻፍ። «የለበትም የሚለውንም?» እሱንም።

ምክንያቴን ልናገር። ባለፈው ክረምት ልጄ መጥቶ ሚስቱ ከደረጃው ወድቃ ክንዷ እንደተሰበረ ነገረኝ። ሰው ከደረጃ ወደቀ ሲባል አናጢ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ውኃ ልክ ይዤ ሄድኩ። እርከኖቹን አንድ በአንድ ለካሁ፤ አንዱም አልተዛነፈም። ደረጃውን የሠራሁት እኔ ነኝና ደስ አለኝ። ቢሆንም ጠንካራ እንጨት መርጬ ከላይ እስከ ታች መደገፊያ ገጠምኩለት። ምራቴ በጄሶ የታሰረ ክንዷን አቅፋ ከታች ቆማ ስታየኝ ዋለች። «አባባ፣ ደረጃው እኮ ምንም አላደረገም» አለችኝ። «ወደፊትም እንዳያደርግ ነው» ብያት ብሎን ማጥበቄን ቀጠልኩ። እሷ ነገሩን እየነገረችኝ ነበር፤ እኔ የማዳምጠው እንጨቱን ነበር። የገባኝ ከሳምንታት በኋላ፣ እሷ ልጇን ይዛ ወጥታ ፖሊስ ልጄን ሲወስደው ነው።

ስለዚህ ቤቱ የእሷ ነው። መደገፊያውን ነቅላ ብታነደውም መብቷ ነው። ጥሩ እንጨት ነው፣ ቶሎ አይነድላትም። ልጄ እሷ ራሷ ካልጠራችው በቀር ያን ደረጃ አይውጣ። «ልጄንስ?» አለ አሁን። ልጅህን ፍርድ ቤቱ በወሰነልህ ቀን፣ በወሰነልህ ቦታ ታያታለህ። ጻፍ።

መስኮቱን ክፈቱልኝ። ይሄ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጧል። አይ፣ ዝጉት፣ የመንገዱ ጩኸት በዛ። የት ደረስን?

ሁለተኛ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የእንጨት ሥራ ቤቴ ከነመሣሪያው ለልጄ ይሁን። መጀመሪያ ያሰብኩት እንዲህ አልነበረም፤ እንዴት እንደተለወጠ ይጻፍ፣ በኋላ ሽማግሌው ደክሞት ነው እንዳይባል።

ሐሳቤ ይህ ነበር፦ ልጄ ክቡን ከጨረሰና ሚስቱ ከተመለሰችለት ቤቱም ሥራ ቤቱም የሁለቱ ይሁን፤ ካልሆነ ሁሉም ለእህቴ ይሂድ። ብልህ ነገር ያሰብኩ መስሎኝ ለምራቴ ልነግራት ሄድኩ። እህቷ ቤት በአንዲት ክፍል ነው ያለችው፤ አልጋውና የልጅቱ ደብተር ክፍሉን ሞልተውታል። ሻይ ሰጠችኝ፤ እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ «አባባ፣ እኔን ሽልማት አያድርጉኝ» አለች። «እሱ ሲለወጥ የሚበረከትለት ዕቃ አይደለሁም። ከተለወጠ ለራሱ ይለወጥ፤ ብመለስም ብቀርም እኔ በራሴ ነው።» ተቆጥቼ ወጣሁ። ሻዩን ግን ጨርሼ ነው የወጣሁት።

ከእሷ ወደ ጠያቂዋ ሄድኩ። ጠያቂዋን ከልጄ በፊት ነው የማውቃት፤ የዚያን ክፍል ወንበሮች የምጠግነው እኔ ነኝ። ከእሷ በፊት ክፍሉን የሚመራው ሰው ተቆጪ ነበር። «እናንተም ወንድ ተብላችሁ!» ሲል ድምፁ እስከ መንገድ ይሰማል። ሰዎቹም አንገታቸውን ደፍተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሲወጡ ደረጃው ላይ አንዱ የሰውዬውን ድምፅ እያስመሰለ ሌሎቹን ያስቃል። ያን ጊዜ የሚመጡልኝ ወንበሮች ሁሉ የኋላ እግራቸው የላላ ነበር፤ ሰው ወደ ኋላ ተለጥጦ ሲቀመጥ የሚጎዳው እዚያ ነው። ጠያቂዋ ከመጣች ወዲህ የሚላላው የፊቱ መጋጠሚያ ሆነ። ወደ ፊት አዘንብለው ጠርዝ ላይ ነው የሚቀመጡት ማለት ነው። ምን እያደረገቻቸው ነው ብዬ ሥራ ያለኝ መስዬ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። አትቆጣም። ትጠይቃለች፣ ከዚያ ትጠብቃለች። ዝምታው ከመርዘሙ የተነሣ እኔ ከበሩ ውጭ ሆኜ ልመልስላት ምንም አልቀረኝ። በሩን ከፍታ «አባት፣ የተሰበረው ወንበር እኮ ታች ነው ያለው» ብላ ሸኘችኝ። ክቡ ውስጥ የሚባለውን አንድ ቃል እንኳ ነግራኝ አታውቅም፤ ስለ ልጄ ብለምናትም።

የማውቀው ልጄ ራሱ የነገረኝን ነው፤ ያውም ጣውላ እየላገ። «ለመለወጥ ምን ያህል ትፈልጋለህ፣ ከአሥር ስንት? አለችኝ። ላናድዳት ብዬ ሦስት አልኳት። ለምን አንድ አላልክም? አለችኝ።» «እና ምን መለስክላት?» ስለው መላጊያውን አስቀምጦ ወጣ። ለምን አንድ እንዳላለ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ለጠያቂዋ ሐሳቤን አስረዳኋት። «የጎበጠ ጣውላ ሞርሳ ውስጥ አስገብቼ አጠብቀዋለሁ፣ ይቃናል። ልጄንም በሥራ ቤቱ አጠብቀዋለሁ» አልኳት። «ሞርሳው ሲፈታስ?» አለች። ይህችን ብቻ። ስለ እንጨት የምታውቀው ነገር የለም፤ የማውቀው እኔ ነኝ። እርጥብ ጣውላ ሞርሳ ውስጥ እያለ ቀጥ ይላል፤ ሲለቁት ወደ ጉብጠቱ ይመለሳል። ልጄም ቁልፉን እስኪረከብ ድረስ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል ማለት ነው። ራሴው መልሼ ራሴው ተናደድኩ። «ታዲያ ፍርድ ቤቱስ በግድ አይደል የላከው?» አልኳት። «እሱ እስከ ወንበሩ ድረስ ነው የሚያመጣው» አለች።

እንግዲህ ሥራ ቤቱን ያለ ምንም ሁኔታ ሰጥቼዋለሁ፤ ክቡን ቢጨርስም ባይጨርስም። ልቤ አርፏል ማለት አይደለም። ሳላስር የተውኩት ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ሌሊቱን ስገላበጥ የማድረው በዚህ ነው። ትራሱን ከፍ አድርጉልኝ።

ሦስተኛ። ለልብስ ሰፊው የመቁረጫ ጠረጴዛ ቃል ገብቼለት ሳልሠራለት ቆይቻለሁ። ልጄ ይሥራለት። «ሱሪው አጠረ፣ ጠረጴዛው ዘገየ፤ ተቻችለናል» እያለ ነው። ቢሆንም ይሠራለት።

አራተኛ። ባለ መስተዋቱ ቁም ሣጥን ለእህቴ ይሁን። ምራቴን «ቻይው፣ ይሻለዋል» እያለች ስትመክር የከረመችው እሷ ናት። «ቤቱ እንዳይፈርስ ብዬ እኮ ነው፣ ወንድምጋሼ» አለች። ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በሰው ክንድ ተደግፎ የቆመ ቤት አልሠራሁም። መስተዋቱን የሰጠሁሽ ተቀይሜሽ አይደለም። ልጅ ሳለሽ እሱ ፊት ቆመሽ ፀጉርሽን ስታበጥሪ የሚያስቸኩልሽ እኔ ነበርኩ፤ አሁን የሚያስቸኩልሽ የለም።

አምስተኛ። ከሥራ ቤቱ ጣሪያ ሥር ያለው ደረቅ ጣውላ ለክቡ ወንበሮች ይዋል። የሚጠግናቸው ግን ሌላ አናጢ ይሁን። ልጄ አይጠግንም፤ እሱ ይቀመጥባቸው።

ለልጁ ምክር ይስጥ የሚል ይኖራል። ምክር የለኝም። መካሪ አላጣም፤ ራስ መነቅነቅ ደግሞ ከማንም በላይ ይችልበታል።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ያን ቀን ፎቁ ላይ ወጥ ቤት ውስጥ የሆነውን እኔ አላየሁም። ምራቴ ለዳኛው ተናግራለች። ልጄ ግን «ወደቀች» ከሚለው ቃል ሌላ እኔ ፊት ተንፍሶ አያውቅም። እኔ ልናገርለት፣ በእጁም ላስጽፈው አስቤ ነበር። ተውኩት፤ ይህም ሞርሳ ሆነብኝ። ልጄ፣ ከዚህ በታች የፈለግኸውን ጻፍ፤ ባዶውን ልትተወውም ትችላለህ። በዚህ የተነሣ ቤቱ ከእሷ፣ ሥራ ቤቱ ከአንተ አይወሰድም፤ እነዚያን አስቀድሜ ያስጻፍኩህ ለዚህ ነው። እኔ እንደሆንኩ ማንበብ አልችልም። ምስክሮች፣ ፊታችሁን ወደ መስኮቱ አዙሩ። ልብስ ሰፊው «መንገዱ ላይ ምን የሚታይ አለ?» ይላል። ምንም የለም፤ እሱን እይ።

አልወደቀችም። ልትወጣ ስትል ክንዷን ይዤ ጠመዘዝኩት። ደረጃው ምንም አላደረገም። ልጃችን ጠረጴዛው ሥር ሆና ታየኝ ነበር። ለጠያቂዋ አንድ ያላልኩት ለዚህ ነው።

ብዕሩ ሲፋጭ ሰማሁ። ከዚያ ቆመ፣ ከዚያ እንደገና ተፋጨ። ስሙን ይሁን ሌላ ነገር የጻፈው አላውቅም። ምስክሮች፣ ተመለሱ።

ከዚህ በታች ልብስ ሰፊውና ጠያቂዋ ይፈርማሉ፤ እህቴና እኔ አውራ ጣታችንን እናትማለን። የእኔ ጣት ላይ መጋዝ የተወው ጠባሳ አለ፤ የሌላ ሰው ነው የሚል አይኖርም። ቀለሙን ግን ገና አታቅርቡልኝ። ያልሰማሁት ነገር ላይ ጣቴን አላሳርፍም።

ልጄ፣ ይህን ጨርስና ብዕሩን አስቀምጥ። ከራስጌው ጀምረህ አንብብልኝ። ጠያቂዋ ከጎንህ ሆና ወረቀቱን ትመልከት። ያ ቦታ ላይ ስትደርስ አትቸኩል፤ ባዶ ከሆነ ባዶ ነው በለኝና እለፍ። ባዶ ካልሆነ ድምፅህን ከፍ አድርግ፤ ጆሮዬም እንደ ድሮው አይደለም።

አንብብ።