ዳገት ላይ ትን የሚላት ሞተር

ሰኞ

ዛሬም ሞተሬ ዶሮ መዝለያ ዳገት ላይ ቆመች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሄ አራተኛዋ ነው። ከኮምቦልቻ ስንነሳ ደህና ናት፤ ሜዳውን እንደ ልቧ ትሄዳለች። ዳገቱ ሲጀምር ግን ጉልበቷ ይከዳታል። ነዳጅ ስሰጣት ትን እንዳለው ሰው ሁለቴ ሦስቴ ትንገጫገጭና ጸጥ ትላለች። አምስት ደቂቃ ካረፈች በኋላ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።

ብርቱካን ከኋላዬ ወርዳ ዳገቱን በእግሯ ተያያዘችው። ፋብሪካው ውስጥ አንድ ክፍል ነን፤ እኔ ጨርቁን እፈትሻለሁ፣ እሷ ታጥፋለች። ደሴም ቧንቧ ውሃ ሰፈር አጥር የምንጋራ ጎረቤቶች ነን፤ ጠዋት አብረን ወርደን ከሰዓት አብረን እንመለሳለን። «እኔ ከብጄባት ይሆን?» አለችኝ። ነፋስ የሚወስዳት ሴት!

የጠረጠርኳቸው፦
ካንዴላ፣ እሳት የሚረጨው። ባለፈው ወር ተቀይሯል።
ካርብሬተር፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው። ሊሆን ይችላል።
ፊልትሮ። ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍባት፣ አውራ ጣት የምታክል የፕላስቲክ ማጣሪያ። ስገዛት ውስጧ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። አሁን ያደረ ሻይ መስላለች።

ለአባባ አልነገርኳቸውም። ሐሙስ የዓይናቸው ሞራ ይወጣል፤ እሱ ይበቃቸዋል። ደግሞም ስለ ሞተር አናወራም። ስገዛ «አትውጪባት» ብለውኝ ነበር። ወጣሁባት። ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ በአጠገቧ ሲያልፉ እንደሌለች ነው የሚያልፏት።

ማክሰኞ

ፈንታው ጋ ወሰድኳት። የሰፈራችን መካኒክ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ከእጁም የሚፈጥን። ፊልትሮዋን ነቅሎ በአፉ ነፋባት። አላሳልፍ አለች። እኔም ሞከርኩ፤ ጉንጬ አበጠ እንጂ ምንም አልወጣም። በሽታዋ ታወቀ።

መተኪያ እሱ ጋ የለም። ፒያሳ ፈልጊ አለኝ፤ ልኳን ለማግኘት ግን ቀን ሊፈጅብኝ እንደሚችልም ነገረኝ። ካልሆነ ጭራሽ አውጥቶ ቱቦውን በቀጥታ ማገናኘት ነው። ስንቱ ያለ ፊልትሮ እንደሚነዳ በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ።

ቆሜ አሰብኩ። ነገ ሥራ አለ። ሐሙስ ሆስፒታል ነኝ፤ ፈቃድ የተሰጠኝ ለእሷ ቀን ብቻ ነው። ዓርብ ከሥራ ስመለስ አባባን ፋሻቸውን ለማስፈታት መውሰድ አለብኝ። ሱቅ ለሱቅ የምዞርበት ቀን ከየት ይምጣ? «አውጣት» አልኩት። አምስት ደቂቃም አልፈጀበት። አሮጌዋን ፊልትሮ ቦርሳዬ ውስጥ ጣልኳትና አስነሳኋት። በረረች።

ልቤ ትንሽ ቅር ብሎታል። ሰው ያለ ምክንያት ማጣሪያ አይገጥምም። ግን በረረች።

ረቡዕ

ዶሮ መዝለያን በሦስተኛ ማርሽ! ብርቱካን ከኋላዬ ሆና እስከ ደሴ መግቢያ እያንጎራጎረች መጣች።

ማደያው ሰልፍ ስለነበረው ከመንገድ ዳር በጀሪካን ከሚሸጡት ሞላሁ። ከሁለት ወር ወዲህ እንዲሁ ነው የማደርገው።

እራት ላይ አባባ ድንገት «ሞተርሽ ድምፅዋ ተለውጧል» አሉኝ። በስምንት ወር ውስጥ ስለ ሞተሬ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተዋል፤ የአሰብን መንገድ ጉድጓዱን ሳይቀር በቃላቸው ያውቁታል። ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው አልደከመም። እኔ ደግሞ ካንዴላ ስለቀየርኩ ነው አልኳቸው። ምን አስዋሸኝ? «እ» ብለው ወደ ምግባቸው ተመለሱ።

ሐሙስ

አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ወጡ። በባጃጅ ሄድን። ተራ ስንጠብቅ እጃቸውን ያዝኩ፤ ከልጅነቴ ወዲህ ይዤው አላውቅም። እኔን ለማጽናናት «አብሽሪ» ይሉኛል፤ እጄን የማይለቁት ግን እሳቸው ነበሩ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ ወጡ። ሌላው ዓይን ከወራት በኋላ ነው።

ትዕዛዞቹ፦ ጠብታ በየአራት ሰዓቱ። አይጎንበሱ። ከባድ አያንሱ። ውሃ አይንካው። ነገ ከሰዓት ለፋሻው ይመለሱ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ እደርሳለሁ፣ ተዘጋጅተው ይጠብቁኝ» አልኳቸው።

ዓርብ

በስምንት ሰዓት ከፋብሪካው ወጣን። ዶሮ መዝለያ፣ ጠባቡ መታጠፊያ ላይ፣ ሞተሯ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ድርቅ አለች። ትንም አላላት። ወርጄ ወደ ዳር ልገፋት ስል የኋላ ጎማዋ ጠጠር ውስጥ ተቀረቀረ። ከታች ጭነት የያዘ መኪና እያጓራ ሲመጣ ይሰማኛል። ብርቱካን ነጠላዋን ገፍፋ እያውለበለበች ቁልቁል ሮጠች። መኪናው ክንድ የማይሞላ ሲቀረው ቆመ።

ሹፌሩ ሲወርድ ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። «እህቴ፣ አንቺን አላየሁሽም። ያየሁት ነጠላውን ነው» አለኝ። ከዚያ እሱም መንገድ ዳር ቁጭ አለ። ሦስታችንም ቁጭ አልን።

ብዙ ቆይቶ አንድ ባለ ፒክአፕ ሞተሯን ጭኖ ፈንታው ጋ አደረሰልን። ቤት ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። አባባ ጋቢያቸውን ለብሰው በር ላይ ተቀምጠዋል። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ብንከንፍም ነርሷ ክፍሉን ቆልፋ ስትወጣ ደረስን፤ ነገ ጠዋት አምጪያቸው አለችኝ። ደግነቱ ቅዳሜ ሥራ የለንም።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊልትሮዋን ማስወጣቴን፣ ውሸቴን፣ መኪናውን። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ሰዓዳ፣ ሞተር ላይ አትውጪ ያልኩሽ ሴት ስለሆንሽ መስሎሻል» አሉ። «እኔ ያን ሁሉ ዘመን መሪ ላይ ስቀመጥ፣ ከመኪናዬ አፍንጫ ሥር ያለው ሰው እንደማይታየኝ ስለማውቅ ነው። እንዲህ ብዬ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩሽም።»

እኔ ስምንት ወር ሙሉ የሰው አፍ ፈርተው ነው ብዬ አኩርፌያቸው ነበር።

«እሸጣታለሁ» አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

«መጀመሪያ ትዳን። የታመመ ከብት አይሸጥም» አሉ።

ቅዳሜ

ፋሻው ተፈታ! ነርሷ በሩቅ ጣቷን ስታሳያቸው አልሳቱም። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝና «ከስተሻል» አሉኝ። እንባዬን ለመዋጥ ሳቅሁ።

እሳቸውን ቤት አስገብቼ ፈንታው ጋ ሄድኩ። ካርብሬተሩን ከፍቶ አጥቦታል። ቀዳዳው የተደፈነው ቡና አተላ በሚመስል ዝገት ነው። ቀና ብሎ አላየኝም። ምላሱም ዛሬ ቀስ ብሏል፤ «እኔም አጥፍቻለሁ፣ ልመክርሽ አይገባም ነበር» አለ። ግን ወዲያው፣ አሁን ስለጸዳ ከማደያ ብቻ ከቀዳሽ ያለ ፊልትሮም ትሄዳለች አለኝ። አንድ አፍታ፣ እውነት ለመናገር አንድ አፍታ ብቻ፣ ተፈተንኩ። ከዚያ የሹፌሩ ፊት መጣብኝና ወደ ፒያሳ ወረድኩ።

የመጀመሪያው ሱቅ ያለው የባጃጅ ብቻ ነው። የሁለተኛው አፏ ጠባብ ነው፣ ቱቦው አይጨብጣትም። ሦስተኛው ሱቅ ያለችው ሴትዮ አሮጌዋን አሳዪኝ አለች። ከቦርሳዬ አወጣሁላት። ከመሳቢያዋ ልኳን አወጣችና ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አዲሷ እንደ ውሃ ጠብታ ጥርት ያለች! ያሮጌዋን ጥቁረት እዚያ ነው በደንብ ያየሁት። ስመለስ ሞተሯን ከፈንታው ጋ ወስጄ እየገፋሁ ቤት አስገባኋት።

እሑድ

አባባ ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ፣ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው። እኔ መሬት ላይ። ፈንታው ልግጠምልሽ ብሎኝ ነበር፤ አባባ «ራሷ ትግጠመው፣ መንገድ ላይ እሱ የለም» አሉ።

መጀመሪያ ታንኩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን በሙሉ ነጭ ሳፋ ውስጥ አስቀዱኝ። ከሥሩ የዝገት ፍርፋሪ፣ ከመሃል ደግሞ የውሃ እንክብሎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የጀሪካኑ ቤንዚን! «ፊልትሮዋ አልተበላሸችም ነበር» አሉ። «ሥራዋን ሠርታ ሞልታለች እንጂ። ታንኩን ሳታጥቢ አዲስ ብትገጥሚ በወሩ እዚሁ ነሽ።» ታንኩን ሦስቴ በንጹሕ ቤንዚን አለቀለቅሁት።

ፊልትሮዋን ስጪኝ ብለው በአውራ ጣታቸው ዳበሷት። ሩቁ ጠርቶላቸዋል፣ ቅርቡ ገና ነው። ጎኗ ላይ ትንሽ ቀስት አለች፤ ቤንዚኑ የሚሄድበትን ታሳያለች። እኔ አላስተዋልኳትም ነበር፣ ገልብጬ ልገጥማት ነበር።

ገጥሜ የቤንዚኑን መክፈቻ መጀመሪያ ስከፍተው አንጠባጠበ። ማሰሪያውን አጠበቅሁ። ቆመ። ጨርቅ አስይዤ ጠበቅሁ፤ ደረቅ። አስነሳኋት። አባባ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሟት፤ አጥፊያት አሉኝ፣ እንደገና አስነሺያት አሉኝ። «አሁን በትክክል ትተነፍሳለች» አሉ።

ከዚያ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ትኩር ብለው አዩአት።

«ቀይ ናት እንዴ?»

«ቀይ ናት አባባ።»

«እኔ እኮ ጥቁር ትመስለኝ ነበር። ታምራለች» አሉ።

ስለ መሸጥ ማንም አላነሳም።

ሰኞ

ጠዋት ማደያው ሰልፍ ነበር። ተሰለፍኩ። ብርቱካን አጉረመረመች፤ ለሰዓቱ ግን ደረስን።

ስንመለስ ዳገቱ ሥር ፍጥነቴን ቀነስኩ። ብርቱካንም ወገቤን ጠበቅ አድርጋ ይዛለች። በሁለተኛ ማርሽ ገባሁበት፤ ወጣች። የዓርቡ መታጠፊያ ላይ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ እሷ ግን ሳትንገጫገጭ አለፈችው። ከላይ ዳር ይዤ ቆምኩ። ተበላሽታ አይደለም፣ ለመተንፈስ ነው። ብርቱካን «ምነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ምንም አልነበረም።

ቤት ስገባ አባባ ከበሩ ውጭ ናቸው። ከአስፋልቱ ጀምረው ሰምተውኛል። በሁለተኛ እንደወጣሁ ስነግራቸው ሦስተኛም ትችል ነበር አሉኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያዩ፣ ኮምቦልቻ አብረዋቸው አሰብ ይመላለሱ የነበሩ አንድ ወዳጅ እንዳላቸው አወሩኝ። አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመት አልፏቸዋል። ሐኪሙ ሲፈቅድ እንዳደርሳቸው ፈለጉ።

«በሚኒባስ?» አልኳቸው።

«ሚኒባስማ መቼ አጣሁ» አሉ።

ሐኪሙ መቼ እንደሚፈቅድ አላውቅም፤ ፈጽሞ ላይፈቅድም ይችላል። ቢሆንም የኔን ሄልሜት አናታቸው ላይ ለክተን አየነው። ጠበባቸውና ጆሯቸው ላይ ቀረ።